ካርቱኑ ሲጠቅሰን፦ በሲምፕሰንስ ውስጥ የተደበቀ ታሪክን እንዴት እንይዛለን?

እህቴ እንግሊዝኛ ብዙም አትሰማም። ካርቱን ደግሞ የልጅ ነገር ነው ባይ ናት። አንድ እሁድ እሷ ቡና ታፈላለች፣ እኔ ሲምፕሰንስ የሚባለውን የአሜሪካ ካርቱን አያለሁ። አንድ ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ወድቋል ተብሎ ታዋቂ ሰዎች ስቱዲዮ ገብተው የሚዘፍኑበት ክፍል ነበር። ተደርድረው ቆመዋል። በየተራ አንድ አንድ ስንኝ ይላሉ፤ አዝማቹን አብረው ይቀበላሉ። እህቴ ከረከቦቱ ቀና አለችና «ውይ፣ ይሄ የኛ ዘፈን አይደል እንዴ? የሰባ ሰባቱ!» አለች።

እኔ ያንን ክፍል ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ስቄያለሁ። ይሄ ነገር ግን አንዴም አልታየኝም።

እህቴ ልክ ነበረች። ዘፈኑ የሚያሾፈው በ«ዊ አር ዘ ወርልድ» ላይ ነው፤ በእኛው የሰባ ሰባት ድርቅ ጊዜ አሜሪካውያን ዘፋኞች ተሰብስበው በተጫወቱት። ግጥሙን አልሰማችም። ቀልዱንም አልተከታተለችም። የለየችው የነገሩን ቅርጽ ነው። እኔ ደግሞ ቃል በቃል ስከታተል ቅርጹ አመለጠኝ። ከዚያ ወዲህ ካርቱን የማይበት መንገድ ተቀየረ። የማካፍላችሁም እሱን ነው።

አንድ ቃል ላስተዋውቅ። ፈረንጆቹ «ሬፈረንስ» የሚሉትን እኔ «ጥቅሻ» እለዋለሁ። ጥቅስም ጥቅሻም «ጠቀሰ» ከሚለው ግስ ይወጣሉ። ጥቅስ ከማን እንደመጣ ይናገራል። ጥቅሻ ግን አይናገርም፤ የገባው ይገባዋል፣ ያልገባው ያልፈዋል። የካርቱን ኮሜዲ የሚያደርገው ሁለተኛውን ነው።

መለማመጃችን ሲምፕሰንስ ነው። በ1987 በአንድ የቴሌቪዥን ትርኢት መሀል በሚገቡ አጫጭር ቁርጥራጮች ጀመረ። ራሱን ችሎ የወጣው በዲሴምበር 17፣ 1989 ነው። እስካሁን ከ750 በላይ ክፍሎች አሉት፤ ጥቅሻ የሌለበት ክፍል ደግሞ አላጋጠመኝም። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የሰባ ሰባቱ ብቻ የእኛ ነው።)

1. መጀመሪያ ሳታቆሙ እዩት

አንዱ ክፍል ማስታወቂያው ሲወጣ 22 ደቂቃ ገደማ ነው። አንዴ እስከ መጨረሻው እዩት። በየመሀሉ እያቆማችሁ ጎግል ካደረጋችሁ ቀልዱም ይሞታል፣ እናንተም ትደክማላችሁ። የእንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ ክፈቱት፤ በዘፈን ውስጥ የሚያልፉ ቃላትን ለመያዝ ይረዳል።

እጃችሁ ላይ ወረቀት ይኑር። የምትጽፉት ደቂቃውን ብቻ ነው። ሁለት ዓይነት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። አንደኛው «እዚህ ጋ ቀልድ አለ፣ ግን አልገባኝም» ያላችሁበት። ሁለተኛው «ስቄያለሁ፣ ግን ለምን እንደሆነ አላውቅም» ያላችሁበት። ከሁለቱ እኔ ብዙ ያገኘሁት በሁለተኛው ነው።

2. የጎረበጣችሁን ያዙ

በእውነተኛ ተዋንያን በሚሠራ ፊልም ጠረጴዛ ላይ ያለ ስኒ በስህተት የተረሳ ሊሆን ይችላል። ካርቱን ላይ ግን ስኒውን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስሎታል። ስለዚህ ለታሪኩ የማያስፈልግ ነገር ከመጠን በላይ ተለፍቶበት ካያችሁ ጠርጥሩ።

አንድ ክፍል የሚጀምረው ባርት የአባቱን የሳንቲም ማሰሮ ሰርቆ ሲሮጥ ነው። አባቱ ሆመር በውስጥ ሱሪ ያሳድደዋል፣ ይወድቅና እንደ ድንጋይ እየተንከባለለ ከደረጃው ይወርዳል። ሳንቲም ለመስረቅ ይሄ ሁሉ ለምን? ሙዚቃው ለምን እንደ ጀብዱ ፊልም ሆነ? ኢንዲያና ጆንስ በ1981ዱ ፊልም መክፈቻ ላይ ጣዖቱን ይዞ ከሚንከባለለው ቋጥኝ ሲሸሽ ያየ ሰው ወዲያው ይስቃል። ያላየም ወፍራም አባት ደረጃ ላይ ሲንከባለል አይቶ ይስቃል። ጥሩ ጥቅሻ ማንንም ውጭ አያሳድርም።

የሚጎረብጡት ነገሮች ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። ሙዚቃው በድንገት ይቀየራል። ብርሃኑ ይጨልማል ወይም ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ካሜራው በተለየ አቅጣጫ ያያል። ገጸ ባሕሪው ለብሶት የማያውቀውን ልብስ ይለብሳል።

ድምፅ ግን ለብቻው መታየት አለበት፤ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች በብዛት የምንሸወደው እዚያ ነው። የካርቱኑ ታሪክ የሚካሄድባት ከተማ የስፕሪንግፊልድ ከንቲባ ኩዊምቢ ሲናገር አነጋገሩ የኬኔዲ ቤተሰብ የቦስተን አነጋገር ነው። አሜሪካዊ አፉን ሲከፍት ይለየዋል። የፖሊስ አዛዡ ዊገም ድምፅ ደግሞ በ1930ዎቹ የወንበዴ ፊልሞች ከታወቀው ተዋናይ ከኤድዋርድ ጂ. ሮቢንሰን የተቀዳ ነው፤ ወንበዴው ፖሊስ ሆነ ማለት ነው። እኛ ዘንድ አንድ ቀልደኛ የደርግ ዘመን ዜና አንባቢን ድምፅ አውጥቶ «የቤቱ ወተት አልቋል» ቢል ማንም ማብራሪያ አይጠይቅም። ፈረንጅ ግን በተርጓሚም አይገባውም። እነ ዊገም ፊት እኛ ያ ፈረንጅ ነን። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ድምፁ ሆን ተብሎ የተለጠጠ ከመሰላችሁ የገጸ ባሕሪውን ስም ጽፋችሁ ድምፁ ከማን እንደተቀዳ ፈልጉ።

3. ያያችሁትን በተራ ቃል ጻፉት

ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ቶሎ ብሎ «በዚህ ክፍል ያሉ ሬፈረንሶች» ብሎ ይፈልጋል፤ ዝርዝሩ ይመጣል፤ ያነባል፤ ይረሳል። የጎረቤት ልጅ የሠራውን የቤት ሥራ እንደመገልበጥ ነው።

የገጸ ባሕሪዎቹን ስም አውጡና የቀረውን ጻፉ። እህቴ ሳታውቀው ያደረገችው ይሄንኑ ነው። ባርትን፣ ክረስቲ የሚባለውን የቴሌቪዥን ቀልደኛና ጉድጓዱን አወጣች። የቀረው ምንድን ነው? ብዙ ዘፋኞች፣ አንድ ስቱዲዮ፣ በየተራ አንድ ስንኝ፣ ለተቸገረ ሰው። ይሄን ለአንድ ጎልማሳ ኢትዮጵያዊ ብትነግሩት ሌላ መልስ አይሰጣችሁም።

መልሱ እናንተ ዘንድ ካልመጣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ፈልጉት፣ ወይም ዕድሜው ከፍ ያለ ሰው ጠይቁ። የሁለተኛው ጥቅም ከመልሱ ጋር ወሬም ይዞላችሁ መምጣቱ ነው።

4. ቀኑን ሳታዩ ምንም አትመኑ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ «ሲምፕሰን ይሄንንም ተንብዮ ነበር!» የሚል ቪዲዮ ሳይላክላችሁ ወር አያልፍም። ለእኔ ያልላከ ዘመድ የለኝም።

ሕጉ አንድ ነው። ጥቅሻ ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አያይም። ስለዚህ ሁለት ቀኖች ያስፈልጓችኋል፦ ክፍሉ የተላለፈበትና ነገሩ የሆነበት። ከዚያ ደግሞ አሠራሩን አስቡ። አንድ የሲምፕሰንስ ክፍል ከጽሑፍ እስከ ስርጭት ብዙ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ምንጩን ስትፈልጉ ከስርጭቱ ሳምንት ሳይሆን ከዚያ በፊት ካሉት ወራትና ዓመታት ጀምሩ። ሳውዝ ፓርክ የሚባለው ሌላው የአሜሪካ ካርቱን ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የሚሠራው። ኦባማ በኖቬምበር 4፣ 2008 ተመረጠ፤ በማግስቱ ማታ ሳውዝ ፓርክ ስለ ምርጫው ውጤት ክፍል ይዞ ወጣ። የካርቱኑን የማምረቻ ፍጥነት ካላወቃችሁ የቱ ጋ እንደምትፈልጉ አታውቁም።

አሁን «ትንቢቶቹን» በዚህ ሚዛን እንያቸው። በማርች 19፣ 2000 በተላለፈ ክፍል የባርት እህት ሊሳ ወደፊት ፕሬዚዳንት ሆና ትታያለች። ከፕሬዚዳንት ትራምፕ የበጀት ችግር ወረስን ትላለች። ሰው ሁሉ ከ2016ቱ ምርጫ ጋር ያገናኘዋል። ወደ ኋላ ስታዩ ግን ትራምፕ በ1999 መጨረሻ በሪፎርም ፓርቲ በኩል ለፕሬዚዳንትነት ለመወዳደር እየሞከሩ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2000 ተዉት። ክፍሉ እየተሠራ ባለበት ጊዜ ነገሩ ዜና ነበር። ጸሐፊዎቹ የዚያን ጊዜ ወሬ የጠቀሱ ይመስላል፤ ወሬው ከ16 ዓመት በኋላ እውነት ሆነ።

ትራምፕ በተንቀሳቃሽ ደረጃ እየወረዱ የሚታዩበት ምስልስ? እሱ ደግሞ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። ትራምፕ በደረጃው የወረዱት በጁን 16፣ 2015 ነው። የካርቱኑ ቪዲዮ የወጣው በጁላይ 2015፣ ከእሱ በኋላ ነው። አጭበርባሪው የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምስሉ ላይ «2000» ብሎ ይለጥፋል።

በኮሮና ጊዜ የዞረውም እንዲሁ። በሜይ 6፣ 1993 በተላለፈ ክፍል ጃፓን፣ ኦሳካ ውስጥ ያለ ሠራተኛ የሚያሽገው ዕቃ ላይ ያስላል፤ ዕቃውን ያዘዙ የስፕሪንግፊልድ ሰዎች ይታመማሉ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ቢል ኦክሊ ራሱ እንደተናገረው መነሻው የ1968ቱ የሆንግ ኮንግ ጉንፋን ነው። በስክሪኑ ላይ «ኮሮና» የሚል ጽሑፍ የሚያሳየው ምስል ደግሞ ተነካክቶ የተሠራ ነው።

ቪዲዮውን ለላከላችሁ ዘመድ ይሄን ሁሉ ስትነግሩ «አንተ ሁሉን ታበላሻለህ» መባል አለ። እኔ ተብያለሁ።

5. ወደ ምንጩ ራሱ ውረዱ

ጥቅሻውን አወቅን ብላችሁ እዚያ ላይ አትቁሙ። ዋናውን እዩት፣ ስሙት። ብዙ ጊዜ ከአንዱ ምንጭ ሥር ሌላ አለ።

የእህቴን ክፍል እንክፈተው። ስሙ «ሬዲዮ ባርት» ነው፣ የተላለፈው በጃንዋሪ 9፣ 1992። ባርት ለልደቱ ማይክሮፎንና ሬዲዮ ያገኛል። ሬዲዮውን ጉድጓድ ውስጥ ይጥልና በማይክሮፎኑ «ቲሚ እባላለሁ፣ ወድቄያለሁ» እያለ ከተማውን ያታልላል።

የመጀመሪያው ንብርብር ዜና ነው። በኦክቶበር 1987 ቴክሳስ፣ ሚድላንድ ውስጥ አንዲት የ18 ወር ሕፃን ጠባብ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀች። ለማውጣት 58 ሰዓት ገደማ ፈጀ። ሲኤንኤን ገና የሰባት ዓመት ጣቢያ ነበር፤ በቀጥታ አስተላለፈው፣ አሜሪካም ከቴሌቪዥን ፊት አልነሳ አለች። በ1992 «ጉድጓድ» እና «ልጅ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አንድ ላይ የሰማ አሜሪካዊ ሌላ ነገር ሊያስብ አይችልም ነበር።

ሁለተኛው ፊልም ነው። ጉድጓዱ ዙሪያ መዝናኛ ይተከላል፣ ንግድ ይደራል። ይሄ ከዜናው አልመጣም። በ1951 ቢሊ ዋይልደር የሠራው «ኤስ ኢን ዘ ሆል» የሚባል ፊልም አለ። ዋሻ ተንዶበት የተቀረቀረ ሰው አለ፤ አንድ ጋዜጠኛ ደግሞ ወሬው እንዳያልቅበት የማዳኑን ሥራ ያጓትታል። ውጭ ሕዝቡ እንደ ገበያ ይሰበሰባል።

ሦስተኛው የእኛ ነው። በኦክቶበር 23፣ 1984 የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያደረገው ዘገባ ተላለፈ። አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ካየው በኋላ ጓደኞቹን ሰብስቦ በኖቬምበር 25 ለንደን ውስጥ ዘፈን አስቀዳ። ያንን ያየው ሃሪ ቤላፎንቴ አሜሪካውያንን አነሳሳ። ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ ግጥምና ዜማውን ሠሩ። ኩዊንሲ ጆንስ በጃንዋሪ 28፣ 1985 ሌሊት ሆሊውድ ውስጥ አስቀዳው፤ ዘፋኞቹ በር ላይ ትዕቢታችሁን እዚሁ ተዉ የሚል ማስታወሻ ጠበቃቸው። (በዚያ ሌሊት ስቲቪ ዎንደር በስዋሂሊ የሆነ ነገር እንበልበት ብሎ ነበር። ኢትዮጵያውያን ስዋሂሊ አይናገሩም ብሎ የነገራቸው እዚያው የነበረው ጌልዶፍ ነው። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር እስቃለሁ።)

ከኮረም ለንደን፣ ከለንደን ሆሊውድ፣ ከሆሊውድ በሰባት ዓመቱ ስፕሪንግፊልድ። አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ ልጨምር። በካርቱኑ ዘፈን ውስጥ ራሱን ሆኖ የሚጫወተው ስቲንግ ነው። ስቲንግ በ1984ቱ የለንደን ቀረጻ ላይ ከዘፋኞቹ አንዱ ነበር። በራሱ ላይ ነው የሚያሾፈው። ይሄን የማውቀው ወደ ምንጩ ወርጄ የለንደኑን ቪዲዮ ስላየሁት ነው፤ ሰውየው እዚያ ቆሟል።

6. ሳቁ በማን ላይ ነው?

ምንጩን ማግኘት ግማሽ ሥራ ነው። ቀጥሎ ቀልዱ ማንን እንደሚነካ ጠይቁ። በ«ሬዲዮ ባርት» ዘፋኞቹ ልጁን ማውጣት ባንችልም ቲቪ ላይ ወጥተን እንዘፍናለን ይላሉ። ክረስቲ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ሲጠየቅ የማስተዋወቂያውን፣ የማከፋፈያውንና የሊሞዚኑን ወጪ ይቆጥራል፤ የተረፈውን ጉድጓዱ ውስጥ እንወረውረዋለን ይላል። የሚሳቀው በተራበው ላይ አይደለም። በሚዘፍነው ላይ ነው። እህቴ ይሄን ስተረጉምላት ሲኒውን አስቀምጣ ሳቀች።

ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም። በኖቬምበር 19፣ 1997 የተላለፈ አንድ የሳውዝ ፓርክ ክፍል አለ። ልጆቹ ነጻ የእጅ ሰዓት ለማግኘት ብለው ለእርዳታ ድርጅት ገንዘብ ይልካሉ፤ በሰዓት ፈንታ አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ በፖስታ ይመጣላቸዋል። ጥቅሻው የዚያን ዘመን «ሕፃን እርዱ» የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎችና የማስታወቂያዎቹ ፊት የነበረችው ተዋናይት ሳሊ ስትራዘርስ ናት። ዋናው ዱላ የሚያርፈው በማስታወቂያው ላይ ነው፤ ያም ሆኖ ልጁ ስም እንኳ የተሰጠው በረሃቡ ነው። ጥቅሻውን ስለተረዳችሁ ብቻ የመሳቅ ግዴታ የለባችሁም። እኔ አልሳቅሁም።

ሦስተኛው ደግሞ ደስ ይላል። በኖቬምበር 13፣ 2011 በተላለፈው የሲምፕሰንስ ክፍል ማርጅ ልጆቿን ይዛ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚባል ሰፈር ትደርሳለች። የኛን ምግብ ይበላሉ፣ ይወዱታል፣ ስለ ምግብ መጻፍ ይጀምራሉ። ይሄ ስለ ኢትዮጵያ ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ስለ ሎስ አንጀለስ ነው። እዚያ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው ሰፈር ከ2002 ጀምሮ በይፋ ሊትል ኢትዮጵያ ይባላል፤ ካርቱኑም የሚጻፈው እዚያው ከተማ ነው። ጸሐፊዎቹ ምሳ የሚበሉበትን ዓለም ነው የጠቀሱት። የፈጣሪዎቹን ሰፈር ማወቅም አንድ መሣሪያ ነው። በዚያ ላይ በሰባ ሰባቱ እና በ2011 መካከል በአሜሪካ ካርቱን ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል ምን ያህል መንገድ እንደሄደ አስተውሉ፤ ከባዶ ሳህን ወደ ሙሉ ትሪ።

7. ያገኛችሁትን በሦስት ክፈሉት

አጭር ነው። «እርግጥ» የሚባለው ፈጣሪዎቹ ራሳቸው የተናገሩት ነው፤ በዲቪዲዎቹ ላይ ያሉት የአዘጋጆቹ ማብራሪያዎች ለዚህ ወርቅ ናቸው። «ይመስላል» የሚባለው ቅርጹም ቀኑም የገጠመ፣ ግን ማንም ያላረጋገጠው ነው። ቅርጹ ገጥሞ ቀኑ ያልገጠመው «የኔ ሐሳብ» ውስጥ ይገባል። ሦስተኛውን አትጣሉት፤ ግን እንደ እርግጥ አድርጋችሁ አትለጥፉት።

መለማመጃ

ብቻችሁን ልትሞክሩት የምትችሉት ክፍል የተላለፈው በሴፕቴምበር 30፣ 1993 ነው። ሆመር ከሦስት ሰዎች ጋር ሆኖ የድምፅ ቡድን ያቋቁማል፤ ይታወቃሉ፤ ይጣላሉ። ስለ ማን እንደሆነ አልነግራችሁም። ወረቀታችሁን ይዛችሁ የአልበሞቹን ሽፋን ተመልከቱ። ከቡድኑ አባላት አንዱ ባርኒ ይዟት የሚመጣውን ጃፓናዊት ሴት ጻፉ። መጨረሻ ላይ አራቱ ሰዎች ሞ በሚባለው ሰውዬ መጠጥ ቤት ጣሪያ ላይ ወጥተው ይዘፍናሉ፤ ሕዝቡ ከታች ቆሞ ያያል። ቅርጹን ጻፉት፦ አራት ሰው፣ ጣሪያ፣ የመጨረሻ ዝግጅት። ፍንጭ ከፈለጋችሁ ጃንዋሪ 30፣ 1969ን ፈልጉ።

በዚያ ትዕይንት አንድ ሰው በመኪና ሲያልፍ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ቀና ብሎ ያያቸዋል። «ይሄማ ድሮ የተሠራ ነው» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። የሰውየውን ድምፅ የሰጠው ማን እንደሆነ አጣሩ። በ1969ም ለንደን ውስጥ፣ ጣሪያው ላይ፣ ጊታር ይዞ ነበር።